የክሪኬት ሕግ ጠባቂ የቡድን ባለቤት ሲሆን

በጥር 2025 መጨረሻ አንድ ያልተለመደ ጨረታ ተካሄደ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለሽያጭ የቀረበው “ለንደን ስፒሪት” የተባለ የክሪኬት ቡድን 49 በመቶ ድርሻ ነበር። ቡድኑ የራሱ ሜዳ የለውም። የተጫወተው ገና አራት የውድድር ዘመን ሲሆን፣ ውድድሩም በዓመት ከአንድ ወር ብዙም አይዘልም። ያም ሆኖ ታላላቅ የህንድ ባለጸጎች ተረባረቡበት። በመጨረሻ ያሸነፈው ግን የሲሊከን ቫሊ የቴክኖሎጂ ኩባንያ መሪዎች ያቋቋሙት ቡድን ነው። በፊታውራሪነት የመራው የፓሎ አልቶ ኔትዎርክሱ ኒኬሽ አሮራ ነው፤ የማይክሮሶፍቱ ሳትያ ናዴላና የጉግሉ ሱንዳር ፒቻይም አብረውት አሉ። ለዚህ ግማሽ እንኳን ለማይሞላ ድርሻ ወደ 145 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማሙ።

ይህን ሁሉ ገንዘብ የጠራው አድራሻው ነው። ለንደን ስፒሪት የሚጫወተው ሎርድስ በተባለው ሜዳ ላይ ነው፤ ቀሪው 51 በመቶም የሜዳው ባለቤት የሆነው የሜሪሌቦን ክሪኬት ክለብ ነው። ሜሪሌቦን የተመሠረተው በ1787፣ እኛ ዘንድ የየጁ መሳፍንት ጎንደር ላይ ነገሥታትን ሲያነግሡና ሲሽሩ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬም የግል ማኅበር ነው። ከሙምባይ እስከ ባርቤዶስ ክሪኬት የሚመራበት ሕግ የቅጂ መብትም በዚህ ማኅበር እጅ ነው። የዓለም እግር ኳስ ሕግ በማኅበራት ጉባኤ ይጸድቃል፤ ክሪኬት ግን ሕጉን የሚያወጣለት የአንድ ከተማ የአባላት ክለብ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። የሁሉንም ሕግ የሚጽፍ አካል ለትርፍ የሚወዳደር ቡድን ባለቤት ሲሆን፣ ዳኛም ተጫዋችም መሆኑ አይደለም ወይ? የክለቡ ሰዎች ጥያቄው የተጋነነ ይመስላቸው ይሆናል። የክለቡን ታሪክ ላየ ሰው ግን የተጋነነ አይደለም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ዱባይ ወይም ሻርጃ የኖረ ኢትዮጵያዊ በዕረፍት ቀን ባዶ ቦታ ላይ የፓኪስታን፣ የህንድና የባንግላዴሽ ሠራተኞች ሲጫወቱት ሳያይ አልቀረም። አንዱ ወርዋሪ ኳሷን ከሩቅ ተንደርድሮ ይወረውራል። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች፣ ማለትም ዊኬቱን፣ በጠፍጣፋ ዱላ ይከላከላል። ኳሷን ርቆ ከመታት ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ ይሮጣል፤ ነጥብ የሚቆጠረውም በሩጫው ነው። ኳሷ መሬት ሳትነካ የሜዳውን ወሰን ካለፈች ያለ ሩጫ ስድስት ነጥብ ይመዘገባል። “ቴስት” የሚባለው ትልቁ የአገሮች ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። ለንደን ስፒሪት የሚሳተፍበት “ዘ ሃንድሬድ” ግን ለእያንዳንዱ ቡድን 100 ኳስ ብቻ ሰጥቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በሚፈጅ ምሽት ያልቃል።

ወደ ክለቡ አነሣሥ እንመለስ። በ1780ዎቹ የለንደን መኳንንት ኢዝሊንግተን ውስጥ በሚገኝ ክፍት ሜዳ ይጫወቱ ነበር። መንገደኛው እየቆመ ሲያያቸውና ሲሳለቅባቸው ስላልተመቻቸው የታጠረ ቦታ ፈለጉ። የዊንቺልሲው ጌታና የሪችመንዱ ቻርልስ ሌኖክስ ቶማስ ሎርድ የተባለ ነጋዴና ወርዋሪ ጠርተው ሜዳ ቢያዘጋጅ ኪሳራ እንደማይደርስበት ቃል ገቡለት። ሎርድም በ1787 ሜሪሌቦን ሠፈር ውስጥ ሜዳውን ከፈተ። ኪራዩ ሲወደድበት ሣሩን ከነሥሩ ገሽልጦ ወደ ሁለተኛ ቦታ ወሰደ። እዚያም የሬጀንት የውኃ ቦይ መሐል ለመሐል ሊያልፍ መሆኑ ሲነገረው ያንኑ ሣር እንደገና ጠቅልሎ በ1814 አሁን ያለበት ሴንት ጆንስ ዉድ ገባ። ሜዳው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሰውየው ግን ነጋዴነቱን አልረሳም። በ1825 ሜዳውን ቆርሶ ቤት ሊሠራበት ሲያስብ፣ የእንግሊዝ ባንክ ዳይሬክተርና የክለቡ መቺ የነበረው ዊልያም ዋርድ 5,000 ፓውንድ ከፍሎ አዳነው። ይኸው ዋርድ በ1820 በዚሁ ሜዳ ላይ 278 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር፤ ፐርሲ ሆልምስ በ1925 እስኪያሻሽለው ድረስ የሜዳው ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። ስለዚህ ሎርድስ ገና ከጅምሩ የሪል እስቴት ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል። የዛሬውን ጨረታ እንደ ዱብ ዕዳ ለሚያዩት ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ሕጉስ ከየት መጣ? መልሱ ለጨዋታው አድናቂዎች ደስ አይልም፤ ከቁማር ነው። መኳንንቱ በአንድ ግጥሚያ ላይ ከፍተኛ ገንዘብ ያስይዙ ነበር። ገንዘብ ያስያዘ ሰው ደግሞ የማያሻማ ደንብ ይፈልጋል፤ በ1774 የወጣው ሕግ ስለ ውርርድ ራሱን የቻለ አንቀጽ እስከ መያዝ ደርሷል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1771፣ የሃምብልደን ክለብ ከቸርትሲ ጋር ሲጫወት ቶማስ ዋይት የተባለ መቺ የዊኬቱን ስፋት የሚያህል ዱላ ይዞ ብቅ አለ። እንግዲህ ዊኬቱ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ወርዋሪው ምን ይምታ? የሃምብልደን ሰዎች ወዲያው ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አቀረቡ፤ የዱላ ስፋትም ከአራት ኢንች ከሩብ፣ ማለትም ከ10.8 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ያ ልክ ዛሬም አልተነካም። ሜሪሌቦን በተቋቋመ በዓመቱ፣ በ1788፣ ሕጉን አሻሽሎ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሕጉን የሚያሻሽለው እሱ ነው። ሥልጣኑን የሰጠው መንግሥት ወይም ጉባኤ የለም። የታወቁት ባለገንዘቦች የእሱ አባላት ስለነበሩ ሌላው ተከተለው፤ ቆይቶም ልማድ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የባለቤቶችና የተጫዋቾች ታሪክ ነው። የጨዋታው ትልቁ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ስም ሐኪሙ ደብልዩ. ጂ. ግሬስ በ1869 የክለቡ አባል ሆነ። ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ግዙፍ ሰው ነበር። በክለቡ መዝገብ “አማተር” ነው፤ ያለ ክፍያ የሚጫወት ጨዋ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በ1873 ቡድን እየመራ አውስትራሊያ ሲሄድ 1,500 ፓውንድ ተከፈለው፤ አብረውት የሄዱት ባለሙያ ተጫዋቾች 170 ፓውንድ እያንዳንዳቸው አገኙ። የሎርድስ ዋና በር ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል።

በአማተሩና በባለሙያው መካከል የነበረው አጥር ከገንዘብም ያለፈ ነበር። የልብስ መቀየሪያቸው ለየቅል ነው፤ ወደ ሜዳ የሚወጡበት በርም እንደዚያው። በግጥሚያ ወረቀት ላይ የአማተሩ ስም መነሻ ፊደላት ከአባቱ ስም በፊት፣ የባለሙያው ደግሞ ከኋላ ይታተማሉ። አንድ ቀን ሎርድስ ላይ ወረቀቱ ተሳስቶ የወጣቱን ባለሙያ የፍሬድ ቲትመስን ፊደላት ከፊት አስቀመጠ። ቲትመስ ወደ ሜዳ እየገባ ሳለ በድምፅ ማጉያ ለተመልካቹ ሁሉ እርማት ተነገረ፤ ፊደላቱ ከስሙ በኋላ እንዲነበቡ። ልጁ ዱላውን ይዞ እየተራመደ ያን ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ይህ ክፍፍል በይፋ የቀረው በ1962 ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሃሮልድ ላርዉድ ጉዳይ ነው። የኖቲንግሃምሻየር የከሰል ማዕድን ሠራተኛ የነበረው ላርዉድ በዘመኑ እጅግ ፈጣኑ ወርዋሪ ነበር። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ያኔ ውጭ አገር የሚዘምተው በሜሪሌቦን ስም ነው። በ1932 መጨረሻ በተደረገው የአውስትራሊያ ጉዞ አምበሉ ዳግላስ ጃርዲን የአውስትራሊያውን ድንቅ መቺ ዶን ብራድማንን ለመግታት ኳስ ወደ መቺው አካል እንዲወረወር አዘዘ። ላርዉድ ታዘዘ፤ 33 መቺዎችንም አስወጣ። ተጫዋቾች ተጎዱ፤ የአውስትራሊያ ማኅበር በቴሌግራም ሎርድስን ጨዋነት በጎደለው አጨዋወት ከሰሰ፤ ነገሩ የሁለቱን መንግሥታት ግንኙነት እስከማሻከር ደረሰ። ክለቡ መጀመሪያ ቡድኑን ደግፎ ቆመ። ኋላ ነገሩ ሲከፋ ይቅርታ እንዲጠይቅ የተፈለገው ላርዉድ ነው። “የአምበሌን ትእዛዝ ፈጸምኩ እንጂ ምን አጠፋሁ” ብሎ እምቢ አለ፤ ለእንግሊዝም ዳግመኛ አልተጫወተም። ትእዛዙን የሰጠው ጃርዲን ግን በቀጣዩ ዓመት ቡድኑን እየመራ ህንድ ሄደ። ክለቡ ላርዉድን በ1949 የክብር አባል አደረገው። እሱ በዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያችው አውስትራሊያ ተሰደደ፤ አውስትራሊያውያንም በደህና ተቀበሉት።

በ1968 ደግሞ የባዚል ዶሊቬራ ተራ ደረሰ። ኬፕ ታውን ተወልዶ “ክልስ” ተብሎ በተፈረጀበት አገር ለብሔራዊ ቡድን መጫወት ስለተከለከለ እንግሊዝ ገብቶ ዜጋ ሆነ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ በአውስትራሊያ ላይ 158 ነጥብ አስቆጠረ። ከቀናት በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው የሜሪሌቦን ቡድን ሲታወቅ ስሙ የለም። ፕሬቶሪያ ሰውየውን እንደማትቀበል ጥቂት የክለቡ ሹማምንት ከወራት በፊት ያውቁ እንደነበር ቆይቶ ወጣ። ሌላ ተጫዋች ቆስሎ ሲቀር ዶሊቬራ ተተካ፤ የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ይህን ቡድን አልቀበልም አሉ፤ ጉዞው ተሰረዘ። በዚያው ታኅሣሥ የክለቡ አባላት ተሰብስበው ኮሚቴው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በድምፅ ሲወስኑ አብላጫው ኮሚቴውን ደገፈ። በተቃውሞ ከቆሙት ወጣቶች አንዱ ማይክ ብሬርሊ ኋላ የእንግሊዝ አምበል፣ ከዚያም የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆነ። ይህ የሜሪሌቦን ልማድ ነው። የተቃወመውን ሰው ዘግይቶ ያከብራል።

የሴቶቹም ነገር ከዚህ አይለይም። ሬቸል ሄይሆ ፍሊንት በ1973 የመጀመሪያውን የክሪኬት የዓለም ዋንጫ ለእንግሊዝ ሴቶች ያስገኘች አምበል ናት፤ የወንዶቹ ዋንጫ የተጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1991 ለክለቡ አባልነት ስታመለክት ጾታዋ እንዳይታወቅ “አር. ፍሊንት” ብላ ፈረመች። ክለቡ ለሴት በሩን የከፈተው በመስከረም 1998 ነው። በዚያው ዓመት የካቲት በተሰጠው ድምፅ አብላጫው ቢደግፍም የሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ አልሞላም ነበር። በመካከሉ ምን ተለወጠ? ልብ ገዝተው ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። ሴት የሚያገልል ክለብ የሎተሪ ድጋፍ ገንዘብ እንደማያገኝ ታውቆ ነበር፤ ስፖንሰሮችም ማጉረምረም ጀምረዋል። የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ክሌር ኮነር ሥራ የጀመረችው በ2021፣ ክለቡ በተመሠረተ በ234ኛው ዓመት ነው። ሴቶች ሎርድስ ላይ የቴስት ግጥሚያ እንዲያደርጉ የተመደበላቸው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2026 ነው።

እነዚህን ሁሉ የደረደርኩት ክለቡን ለማሳጣት አይደለም። ሥርዓቱ ግልጽ እንዲሆን ነው። ሜሪሌቦን በራሱ ጊዜ የለወጠው ነገር ጥቂት ነው፤ ገንዘብ ሲቀርበት ወይም ኀፍረት ሲበዛበት ግን ይለወጣል።

ሥልጣኑም ቀስ በቀስ ከእጁ ወጥቷል። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ጉባኤ በ1909 የተቋቋመው ሎርድስ ላይ ነው፤ እስከ 1989 ድረስም የሜሪሌቦን ፕሬዚዳንት በወንበሩ ይቀመጥ ነበር። የእንግሊዝ ክሪኬት አስተዳደር በ1968 ለሌላ አካል ተላለፈ። ዓለም አቀፉ ጽሕፈት ቤት በ2005 ሎርድስን ለቅቆ ዱባይ ገባ። የገንዘቡ ምንጭ ህንድ ሆናለች። ለዚህ በር የከፈተውም ሎርድስ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው፤ በሰኔ 1983 የካፒል ዴቭ ህንድ 183 ነጥብ ብቻ ይዛ ኃያሏን ዌስት ኢንዲስን በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያሸነፈችው እዚያ ነው። ዛሬ ዓለም አቀፉ አካል ከሚያከፋፍለው ገቢ ወደ 38 በመቶው ለህንድ ማኅበር ይሄዳል።

ለክለቡ የቀረለት ሜዳው፣ ቅርሱና ሕጉ ነው። ቅርሱ ሲባል ቀልድ አይደለም። በሙዚየሙ ውስጥ እንግሊዝና አውስትራሊያ ከሚፎካከሩበት የአመድ ዋንጫ አጠገብ በገለባ የተሞላች ድንቢጥ አለች። በ1936 የካምብሪጁ ጃሃንጊር ኻን ለሜሪሌቦኑ ቶም ፒርስ የወረወራት ኳስ አግኝታት ሞተች፤ ከነኳሷ አድርቀው አስቀመጧት። ያ ጃሃንጊር ከአራት ዓመት በፊት ህንድ የመጀመሪያ ቴስቷን ሎርድስ ላይ ስታደርግ ተሰልፎ ነበር፤ ልጁ ማጂድ ደግሞ የፓኪስታን አምበል ሆነ። የግዛት ዘመኑ ታሪክ በአንዲት ወፍ ዙሪያ ተጠቅልሏል።

አሁን ወደ ጨረታው። የእንግሊዝና ዌልስ የክሪኬት ቦርድ የዘ ሃንድሬድን ስምንት ቡድኖች ለግል ባለሀብት ሲከፍት በየሜዳው ላለው ባለቤት 51 በመቶ ሰጥቶ 49 በመቶውን ለባለሀብቶች ሸጠ። ሜሪሌቦን ሳይከፍል የአብላጫ ድርሻ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ለአባላቱ መልካም ዜና ነው፤ ተመዝግቦ ለመግባት ሦስት ዐሥርት ዓመት ገደማ የሚያስጠብቅ፣ 18,000 ገደማ ሙሉ አባላት ያሉት ክለብም ቢሆን ግንብ የሚያድስበት ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ችግሩ ሕጉ ላይ ነው። ሦስት ነገር ልብ በሉ። የሜሪሌቦን ሕግ አንድ ዙር፣ ማለትም የአንድ ወርዋሪ ተራ፣ ስድስት ኳስ ነው ይላል፤ ክለቡ አብላጫውን የያዘበት ቡድን ግን የሚጫወተው በአምስት አምስት ኳስ ነው። ይህ ለብቻው ክፉ አይደለም፤ እያንዳንዱ ውድድር ከዋናው ሕግ ላይ የራሱን ደንብ መደረብ ይችላል። ሁለተኛው ይከብዳል። በ2017 ክለቡ የዱላ ጠርዝ ከ40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱም ከ67 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ዱላ ሰሪዎች እያወፈሩ ሲሄዱ ስድስት ነጥብ እየረከሰ፣ ወርዋሪው እየተጨቆነ መጥቶ ነበር። የ1771ዱ የቶማስ ዋይት ዱላ ጉዳይ በሌላ መልክ መመለሱ ነው። ያን ጊዜ ክለቡ ሲወስን ከስድስት ነጥብ ብዛት የሚያተርፍ ቡድን አልነበረውም። አሁን አለው። ዘ ሃንድሬድን ቴሌቪዥን የሚገዛው፣ ስታዲየሙን የሚሞላው ኳስ ከወሰን ውጭ ሲበር ነው። ነገ ዱላ ይወፍር ወይስ ይቅጠን የሚለው ጥያቄ ሲነሣ አንዱ የጥቅም ተጋሪ ራሱ ሕግ አውጪው ይሆናል። ሦስተኛ፣ የንግድ ሸሪኮቹ ሕጉ ላይ ድምፅ የላቸውም፤ ነገር ግን 145 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣ ሰው በስብሰባ ላይ የሚናገረው ከተራ አስተያየት ይልቅ ይደመጣል።

ክለቡ ለዚህ የሚመልሰው አለው። ሕጉን የሚያረቅቀው የተለየ ኮሚቴ ነው፤ ዓለም አቀፉ አካልም ይመክርበታል። በ2025 ከወሰን ውጭ ዘልሎ ኳስን እየነካካ መቅለብን የሚገድበው ማሻሻያ ሲወጣ ሁለቱ አካላት ተናብበው ነው የሠሩት። በ2019 የሲሪላንካው ኩማር ሳንጋካራ የመጀመሪያው ብሪታኒያዊ ያልሆነ ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ ይህም ክለቡ ዓለምን ማየት መጀመሩን ያሳያል ይሉናል። እውነት አለው። ግን ኮሚቴው የሚሾመውና የሚጠየቀው በዚያው ክለብ ነው፤ የክለቡ ልብ የት እንዳለ ደግሞ አልፎ አልፎ ይጋለጣል።

በሐምሌ 2023 የሆነውን አንርሳ። ሎርድስ ላይ ተጫዋቾች ከልብስ መቀየሪያ ወደ ሜዳ ሲወጡ አባላቱ ቢጫና ቀይ ክራቫታቸውን አስረው በሚቀመጡበት ረጅም አዳራሽ መሐል ያልፋሉ። አውስትራሊያውያን እንግሊዛዊውን ጆኒ ቤርስቶን ከመስመሩ ወጥቶ ሲንቀሳቀስ ዊኬቱን መትተው አስወጡት። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሕጉንም የጻፈው ክለቡ ራሱ ነው። አባላቱ ግን በአዳራሹ ውስጥ ኡስማን ኻዋጃንና ዴቪድ ዋርነርን ተሳደቡ። ክለቡ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሦስት አባላት ታገዱ፤ በኋላም አንዱ ከነጭራሹ ተባረረ። የራሳቸው ቡድን ሲጎዳ የራሳቸውን ሕግ የረሱ ሰዎች ያሉበት ክለብ፣ ገንዘቡ ሲጎዳስ ያስታውሰዋል?

ለእኔ መውጫው አንድ ነው፤ ሕግ አርቃቂው ኮሚቴ ከክለቡ የንግድ ክንፍ በግልጽ ተለይቶ፣ አብላጫ አባላቱም ከሌሎች ክሪኬት ከሚጫወቱ አገሮች ተመርጠው ይቁም። የቅጂ መብቱ ከሎርድስ ይውጣ አልልም። ታሪኩን የማይዘነጋ አንድ ጠባቂ መኖሩ፣ ዓለም አቀፉ አካል ለአንድ ባለጸጋ ማኅበር ባደረ ጊዜ፣ ጥቅም አለው። አባላቱ ይህን ይቀበላሉ ወይ? በ2022 የክለቡ አስተዳደር ከ1805 ጀምሮ ሎርድስ ላይ የሚደረገውን የሁለቱን የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤቶች፣ የኢተንንና የሃሮን ግጥሚያ ለማስቀረት ሲወስን አባላቱ አምፀው አስቀለበሱት፤ ቢያንስ እስከ 2027 እንዲቆይም ሆነ። ያ ጉዳይ እንደገና ድምፅ ሲሰጥበት፣ ከጎኑ የሕግ ኮሚቴው ነፃነት በአጀንዳ ይያዝ አይያዝ ማየት ነው። ክሪኬት ከ1900 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ የሚመለሰው በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ስለሆነ ጊዜው ብዙ አይደለም።